ውሃው እስኪቆም

መጽሐፉ ሽንኩርት ይሸታል። ሽፋን የለውም፤ የመጀመሪያዎቹ ገጾች ጠርዝ እንደ ደረቀ የሽንኩርት ልጣጭ ቡናማ ሆኗል። ዛሬ ጠዋት ቁም ሣጥን ሳስተካክል እጄ ላይ መጣና ሥራዬን ትቼ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው ትዝ ያለኝ አንድ እሁድ ከሰዓት ነው። የአዳማ ሙቀት፣ በመጋረጃው ክፍተት ምንጣፉ ላይ የወደቀው የፀሐይ ብርሃን፣ ድንገት የቆመው ቬንቲሌተር፣ ከዚያም የግቢያችን ቆርቆሮ በር ሲከፈት የተሰማው ድምፅ።

እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ችኩል ነኝ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለው ተረት ሲተረትብኝ ስላደግሁ፣ ለእኔ ተብሎ የወጣ ይመስለኝ ነበር። አሁን የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ፊልም በፍላሽ ሲሰጡኝ «ከወፍራም መጽሐፍ የተሠራ ስለሆነ የመጀመሪያው አንድ ሰዓት እንቅልፍ ነው፣ እለፊው» ይሉኛል። ዘንዶና ሰይፍ ያለበት ፊልም ሁሉ አጀማመሩ እንዲህ ነው፤ ሰው ይበላል፣ ያርሳል፣ ያወራል፣ ውጊያው አይመጣም። እሺ ብዬ እቀበላቸዋለሁ፤ ግን አላልፈውም። ለምን እንደማላልፈው ልንገራችሁ።

አባቴ የመቂ ሰው ነበሩ። ግማሽ ዕድሜያቸውን ሽንኩርት በመስኖ ሲያለሙ ኖረው፣ ኋላ ናዝሬት ገብተው በጅምላ መሸጥ ጀመሩ። እዚሁ ጌታን ተቀበሉ፤ ቆይተውም የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ሆኑ። በተቀበሉ ሰሞን ዕድሜ ልካቸውን ሲወዷቸው የኖሩትን የኦሮምኛ ዘፈን ካሴቶች በካርቶን አውጥተው ግቢው መሃል አቃጠሏቸው። ትንሽ ልጅ ነበርኩ፤ የሚቃጠለው ፕላስቲክ ሽታና የአባቴ ፊት ግን አልጠፋኝም። እያለቀሱ ነበር ያቃጠሉት። የራሳቸውን ያልማሩ ሰው የእኛን ይምራሉ ብሎ የሚያስብ በቤታችን አልነበረም።

በዚያ እሁድ ሰሞን እህቴ አሥራ አንደኛ ክፍል፣ እኔ ሰባተኛ ነበርን። መጽሐፉን የገዛችው መናኸሪያው አጠገብ አሮጌ መጻሕፍት መሬት ላይ ከሚዘረጋ ሰው ነው። ስለ ዘንዶ የሚተርክ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ነው። መዝገበ ቃላት አጠገቧ አድርጋ ሁለት ጊዜ ጨርሳዋለች፤ ከዚያ በፊት የራሷ የሆነ መጽሐፍ አልነበራትም። በቤታችን ደግሞ ዘንዶ ማለት አንድ ብቻ ነው፤ የዮሐንስ ራእይ ላይ ያለው። ስለዚህ ዕቃ ቤት ውስጥ በተከመሩት ባዶ የሽንኩርት ጆንያዎች መሃል ትደብቀው ነበር። ልብስ ስናጥብ ታሪኩን ትነግረኛለች። «ዘንዶው መቼ ነው የሚመጣው?» እላታለሁ። «ቆይ እንጂ» ትለኛለች።

ፊልም እንደተሠራለት የነገራት ሲዲ አከራዩ ነበር። ጊዜ ጠብቀን አንድ እሁድ ተከራየነው። እናቴ ለቅሶ ልትደርስ ወለንጪቲ ሄዳለች፤ አባቴ የሽማግሌዎች ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት አይመለሱም። ፊልሙ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ስምንት ሰዓት ላይ በሩን ዘግተን ጀመርን።

አንድ ልጅና አያቱ በሸለቆ ውስጥ ሲኖሩ ያሳያል። ልጁ መቆፈሪያ ይዞ ቦይ ይከፍታል፣ አያቱ ችግኝ ይተክላል። ደግሞ ይበላሉ፣ ደግሞ ያጠጣሉ። ሃያ ደቂቃ አለፈ፣ ዘንዶ የለም።

«አሳልፊው» አልኳት።

«አላሳልፍም» አለች ሪሞቱን ወደ ጀርባዋ እያዞረች። «መጀመሪያውን ካላየሽ መጨረሻው አያሳዝንሽም።»

ሪሞቱን ለመንጠቅ እየታገልኳት ሳለ መብራት ሄደ።

መጀመሪያ ሳቅን። ከዚያ እህቴ ሳቋን አቋረጠች። ሲዲው ማጫወቻው ውስጥ ነው፤ ማጫወቻው ደግሞ መብራት ከሌለ አፉን አይከፍትም። በጥፍሯ ሞከረች፣ ከኩሽና ቢላ አምጥታ በጫፉ ሞከረች። ክፍሉ ይሞቅ ጀመር። ያላሰብነው ነገር ይኸው ሙቀት ነበር። መብራቱ ስብሰባው ያለበትም ሰፈር ሄዷል፤ ያለ ቬንቲሌተር በቤተ ክርስቲያኑ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ለሰዓታት የሚቀመጥ ሽማግሌ የለም። የግቢው በር ተከፈተ።

አባቴ ኮታቸውን አውልቀው፣ ላባቸውን በመሃረብ እየጠረጉ ቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ሶፋው ላይ ተቀመጡ። ውሃ ጠየቁ። እህቴ ቢላውን በነጠላዋ ሸፍና ሄደች፣ ውሃውን ይዛ መጣች።

«ምን ስትሠሩ ዋላችሁ?» አሉን።

«ስናጠና» አልኩ እኔ። ውሸት ላይም ችኩል ነኝ።

ብርጭቆውን ወደ አፋቸው ሲያስጠጉ መብራት መጣ። ቬንቲሌተሩ ተንቀሳቀሰ፣ ቴሌቪዥኑ በራ፣ የማጫወቻው ሲዲ በቀስታ መሽከርከር ሲጀምር ሰማሁት። ፊልሙ በራሱ ከመጀመሪያው ተነሳ። አረንጓዴ ሸለቆ፣ የጠዋት ጉም፣ መቆፈሪያ የያዘ ልጅ።

እህቴ ልታጠፋው ተንደረደረች።

«ተይው» አሉ አባቴ። «ምንድን ነው?»

«ስለ ገበሬ ነው፣ አባባ» አልኩ። እስካየነው ድረስ ውሸት አልነበረም።

ወደፊት ጠጋ አሉ። ልጁ ቦዩን ከፍቶ ውሃውን በአንድ ጊዜ ወደ መደቡ ሲለቀው ራሳቸውን ነቀነቁ። «አይ፣ እንዲህ አይለቀቅም። ችግኙን ይነቅለዋል።» ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጡ። «ሽማግሌው ያውቅበታል። ልጁ ነው የሚቸኩለው» አሉና ወደ እኔ ዞረው «እንደ አንቺ» አሉኝ።

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ በሕይወቴ ጸልዬ የማላውቀውን ጸሎት ጸለይኩ። ጌታ ሆይ፣ ይህ ፊልም አይፍጠን። ይብሉ፣ ያጠጡ፣ እንደ ልባቸው ያውሩ። እህቴ ከሶፋው ኋላ ቆማለች፤ ታሪኩን በቃሏ ታውቀዋለችና ለእኔ በጣቷ ታሳየኛለች። ሦስት ጣት። ዘንዶው ሊመጣ ሦስት ነገር ይቀረዋል ማለት ነው። ዘንዶው መጣ ማለት አባቴ ሲዲው ከየት መጣ ይላሉ፤ ሲዲው ተጠየቀ ማለት መጽሐፉ ተገኘ፣ መጽሐፉ ተገኘ ማለት ግቢው መሃል እሳት ነው።

ላሚቱ ወለደች። አባቴ ጥጃዋ ስትቆም ፈገግ አሉ። ሁለት ጣት። ልጁና አያቱ ገበያ ወረዱ፣ አባቴ የሸለቆው ሰው ዕቃውን የሚያስቀምጥበትን መንገድ ተቹ። አንድ ጣት። ከዚያ አንድ ጠዋት ልጁ ሲነሳ ቦዩ ደርቆ አገኘው። ውሃው ቆሟል።

አባቴ ከሶፋው መደገፊያ ተነጥለው ቀና አሉ። «ቢሻኒ ኤሳ ዴሜ?» አሉ። ሲደነግጡ ኦሮምኛው ይቀድማቸዋል። ውሃው የት ሄደ ማለታቸው ነው። «ከላይ የዘጋው አለ» ብለው ቀጠሉ። «እኔን ጠይቁኝ። መቂ ላይ በዚህ ነገር ስንት ወንድማማች ተጣልቷል። ማን እንደዘጋው ሳላይ አልነሳም።»

እህቴ ጣቶቿን አጠፈቻቸው። ልጁና አያቱ ቦዩን ተከትለው ወደ ምንጩ ሽቅብ ሲወጡ ሙዚቃው ወፈረ። ልጁ ትልቅ ድንጋይ ጥግ ደረሰ። ከድንጋዩ ኋላ ምን እንደተኛ ከእህቴ ሰምቻለሁ።

እህቴ ከሶፋው ኋላ ወጥታ በአባቴና በቴሌቪዥኑ መሃል ቆመች። ሪሞቱን ተጫነች፤ ልጁ አንድ እግሩን እንዳነሳ ቆመ።

«አባባ፣ ቀጥሎ የሚመጣው በእኛ ቤት የማይታይ ነገር ነው» አለች። «የተከራየሁት እኔ ነኝ። መጽሐፉም አለኝ፣ አንብቤዋለሁ። ደብቄዎት ነው።»

አባቴ እሷን አላዩም፤ በትከሻዋ አልፈው እግሩን ያነሳውን ልጅ ነበር የሚያዩት።

«ማን እንደዘጋው ታውቂያለሽ?» አሏት።

«አውቃለሁ።»

«እንዳትነግሪኝ» አሉ። ቀጥለውም «ዝጊው። መጽሐፉን አምጪው» አሉ።

ከጆንያዎቹ መሃል አውጥታ አመጣችው፤ የሽንኩርት ልጣጭ ተጣብቆበታል። ተቀብለው አሸተቱት። ከዚያ ወደ መኝታ ቤት ገቡ፣ የብረት ሣጥናቸው ቁልፍ ሲዞር ሰማን። ያን ሳምንት ሙሉ ከየትኛውም ጓሮ ጭስ በተነሳ ቁጥር እህቴ የያዘችውን ትታ ትቆም ነበር።

አልቀጧትም። ቢቀጧት ይሻል ነበር እላለሁ አንዳንዴ። የመጽሐፉን ነገር አላነሱም፣ እሷም አልጠየቀችም፤ ያልተነሳው ነገር በመካከላቸው ተቀመጠ። ዩኒቨርሲቲ ገባች፣ ተመረቀች፣ ባቱ ላይ እንግሊዝኛ አስተማሪ ሆነች። ለበዓል ስትመጣ በር አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ ጤናቸውን ትጠይቃለች፣ ሥራዋን ይጠይቋታል፣ በዚያው ያበቃል። አቃጥለውታል ብላ ነበር የምታስበው። እኔም እንደዚያው።

ባለፈው ዓመት አባቴ ታመሙ። ሐኪሞቹ ቤት ውሰዷቸው አሉን፤ ምን ማለታቸው እንደሆነ ሁላችንም ገባን። እህቴ ፈቃድ ወስዳ መጣች። ሁለተኛው ቀን ከሰዓት ላይ አባቴ ከትራሳቸው ሥር ቁልፍ አውጥተው ዘረጉላት።

«ሣጥኑን ክፈቺው፣ ኢንታላ ኮ» አሏት። ልጄ ማለታቸው ነው። በዚያ አጠራር ሲጠሯት ከሰማሁ ዓመታት አልፈው ነበር።

መጽሐፉ ከቤት ካርታውና ከሠርጋቸው ፎቶ ሥር ነበር። እህቴ ሣጥኑ ፊት እንደተንበረከከች ቀረች።

«አላቃጠሉትም?»

«እጄ እምቢ አለኝ። ላነበው ብል እንግሊዝኛው ከበደኝ» አሉ፤ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ ነው። «ቦይ ባየሁ ቁጥር ቢሻኒ ኤሳ ዴሜ እያልኩ ኖርኩ። እስቲ ንገሪኝ። ከመጀመሪያው። እንዳታሳልፊ።»

ወንበሩን ከበሩ አጠገብ አንስታ አልጋው ጋ አስጠጋችው። በየቀኑ ምሳ ከተነሳ በኋላ መጽሐፉን ጭኗ ላይ ዘርግታ በአማርኛ ትነግራቸዋለች። ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ፤ ልጁ ውሃውን ሲለቀው እንደገና ያርሙታል። በሦስተኛው ቀን አንድ ነገር ጠረጠርኩ። አንዲት የነበረችው ጥጃ ሁለት ሆናለች። እኔ የማላውቀው የአረም ወቅት መጣ፣ ከጎረቤት ጋር የውሃ ተራ ክርክር ተነሳ፣ እርቅ ወረደ። በአራተኛው ቀን በትከሻዋ አጮልቄ ሳይ ገጹ የትናንቱ ነው።

ኩሽና ተከትያት ገባሁ። «ምን እያደረግሽ ነው? ሳይሰሙት ቢያልፉስ? በቃ ንገሪያቸው!»

ብርጭቆ እያጠበች ነበር። «ውሃው ከቆመ በኋላ ያለው ይፈጥናል» አለች ሳትዞር። «ሁለት ቀን አይፈጅም። ከዚያስ ምን እነግራቸዋለሁ?»

ተቆጣኋት። አባቴ ሃያ ዓመት የጠበቁትን ነገር ለራስሽ ብለሽ ታስቀሪባቸዋለሽ አልኳት፤ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል። ግን ደግሞ እየደከሙ ነበር፤ በየቀኑ የሚናገሩት ቃል ይቀንሳል። በማግሥቱ ጥጃዎቹን ወደ ገበያ ነዳቻቸው፣ ገበያውን አሳጠረችው፣ ውሃውን አቆመችው። ልጁና አያቱ ቦዩን ተከትለው ወጡ። ድንጋዩ ጋ ሲደርሱ እህቴ ወደ እኔ አየች። ትንፋሿን ሳበች።

«ከዚያ ልጁ ከድንጋዩ ኋላ…»

አባቴ እጃቸውን ከብርድ ልብሱ ላይ ጥቂት አነሱ። «እዚህ ላይ ዝጊው» አሉ። «ነገ።» ዓይናቸውን ገልጠው ወደ እኔ አመለከቷት። «እንደ እሷ አትቸኩዪ።»

ከጆንያ የተመዘዘ ክር ገጹ ላይ አድርጋ ዘጋችው። በማግሥቱ ምሳ ሳይደርስ አረፉ።

ከለቅሶው በኋላ እህቴ ወደ ባቱ ስትመለስ መጽሐፉን እኔ ጋ ትታው ሄደች። «አንቺ ጨርሺው» ነው ያለችኝ። ክሩ ዛሬም እዚያው ገጽ ላይ ነው። ከድንጋዩ ኋላ ያለውን አውቀዋለሁ፣ እንግሊዝኛውም አይከብደኝም፤ ቀኑን ሙሉ ሥራ ፈትቼ ብቀመጥ እጨርሰዋለሁ። ነገ አነበዋለሁ እልና መልሼ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጠዋለሁ።