መያዙና መልቀቁ

የሟች አባቴ ሞተር ብስክሌት የዓመቱን ምርመራ ካላለፈ ከመንገድ ስለሚታገድ፣ ባለፈው ሰኞ ከሀና ማርያም ተነስቼ ጎፋ ወዳለው መመርመሪያ ወሰድኩት። ወጣቱ መርማሪ የፊት ፍሬኑን ጨብጦ ሞተሩን ገፋው፤ ንቅንቅ አላለም። «ጥሩ ይይዛል አባቴ፤ አልፈዋል» አለኝ። እኔ ግን የጋለ የፍሬን ሸራ ሸተተኝ።

ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ የዚህኑ ሞተር የተደፈነ የፍሬን ቱቦ በቤንዚን አጥቤ፣ «አባባ፣ ጠራልህ!» ብዬ ተኩራርቼ ነበር። አባቴ ፍሬኑን ጨብጦ ለቀቀውና ጎማውን ሊያዞር ሞከረ፤ እንደታሰረ ቀረ።

«ጎበዝ፣ በደንብ ታጥቧል» አለ እየሳቀ። «ቤንዚኑ የላስቲኩን ቱቦ ሆድ አሳብጦ አጠበበው፤ የፍሬን ዘይቱ ተገፍቶ ይገባል እንጂ አይመለስም። ልጄ፣ መያዙን ማንም ያያል፤ አንተ መልቀቁን እይ።»

መርማሪው ሊፈርም ሲል፣ «እስቲ ፍሬኑን ልቀቅና ጎማውን አዙረው» አልኩት። አልዞረም። «ቱቦው ውስጡ አብጧል» አልኩት።

«ኧረ አባቴ! ዝም ቢሉ እኮ አልፈው ነበር። የዚህን አሮጌ ሞተር ቱቦ አሁን ከየት ሊያገኙ ነው?»

ቅጹን ተቀብዬ እዚያው ቆሜ አነበብኩት፦ «የፊት ፍሬን ከያዘ በኋላ አይለቅም። ቱቦው እስኪቀየር አላለፈም። ሰኞ፣ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት።»