የአመተሥላሴ ምላስ

እኔና አመተሥላሴ መሐል ሜዳ ከተማ አጥር ተጋርተን ጠላ እንሸጣለን። በጠላ አጠማመቅ የሚደርስባት የለም፤ ይህን ፊት ለፊቷ ግን ብሞት አልናገረውም። እኔ የሷን “የገብስ እጣቢ” እላለሁ፣ እሷ የኔን “የከብት መድኃኒት” ትላለች፤ እንዲህ እየተባባልን አረጀን።

ግትር ናት ደግሞ። ጉሮሮዋን በከረከራት ቁጥር ከሰው የተረፈ ካፕሱል እየለመነች ትውጣለች። ተይ ብላት፣ “ሆድም እንደ ጋን ይታጠባል” አለችኝ። ሰሞኑን ታዲያ ሆዷ ተነፋ፣ ምላሷ ነጭ ለበሰ፣ ጨውና ስኳር መለየት አቃታት። ያውም የሥላሴ ማኅበር ተራዋ ደርሶ፣ ጠላዋ ተጠምቆ። ጎትቼ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት።

ነርሷ ትሕትና አፏን አየችና፣ “እማማ፣ ሆድ ውስጥ ባክቴሪያና ፈንገስ ጎረቤት ሆነው ይኖራሉ፤ እየተገፋፉ አንዱ ሌላውን ልክ ያስገባዋል። በካፕሱሉ ባክቴሪያዎቹን ሲፈጇቸው ፈንገሱ ሃይ ባይ አጣ፤ ይኸው አፍዎ ድረስ ወጣ” አለቻት።

“እንደኔና እንደ ምንዳዬ በይኛ” አለች አመተሥላሴ ወደኔ እየጠቆመች። “ፈንገሷ እሷ ናት።”

የፈንገስ መድኃኒት ተሰጣት፤ ምላሷ ግን ለማኅበሩ አልደረሰላትም። በዋዜማው ጓሮዬ ድረስ መጥታ፣ “ነይ ቅመሺልኝ” አለችኝ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ። ያቺ ኩሩ ሴት እንዲያ ስትሆን አንጀቴን በላችው።

ቤቷ ገብቼ ከጋኑ በጣሳ ቀዳሁ፤ ቀመስኩ። እንዲያ ያለ ጠላ በዕድሜዬ ቀምሼ አላውቅም። ለአንድ ቀን እንኳ እውነቱን ልንገራት ብዬ፣ “ግሩም ነው፣ እንዳትነኪው” አልኳት።

ፊቷ አመድ መሰለ። “ተበላሽቷል ማለት ነው። አንቺ እኔን የምታሞግሺኝ አዝነሽልኝ ነው” አለችና ጌሾ ልትጨምርበት ተነሣች። በዚህ ሰዓት ጌሾ ከገባበት ማኅበርተኛው መሮት ሊተፋው ነው። ማልኩላት፣ ተገዘትኩላት፤ ወይ ፍንክች። ጌሾውን በእፍኟ ዘግና ጋኑ አፍ ላይ አደረሰችው።

ቶሎ ብዬ ከጣሳው ደግሜ ተጎነጨሁና ፊቴን አጨማደድኩ።

“እሺ፣ እውነቱን ላውጣው” አልኳት። “ያው የገብስ እጣቢሽ ነው። ካምናው በምንም አይለይም።”

እጇ ጋኑ አፍ ላይ ቆመ። ጌሾውን ወደ ቁናው መለሰችና እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

“ተመስገን” አለች ፊቷ ፈክቶ፣ “ደርሷል ማለት ነው።”