አቡጀዲውን የያዙልኝ የጋዝጊብላ ገበያተኞች

ወገኖቼ፣ ዛሬ ሰቆጣ ላይ አንዲት ሴት "የአያቶቼ ነው" ብላ አሮጌ ፎቶ አሳየችኝ። ያነሳሁት እኔ ነኝ!

በንጉሡ ዘመን ነው። ያኔ እዚያው አጥቦ በሚያወጣ ሳጥን ካሜራ ገበያ ለገበያ እየዞርኩ ፎቶ አነሳ ነበር። ያን ቀን ጋዝጊብላ ፀሐዩ ስላቃጠለ አራት እንጨት ተክዬ አቡጀዲ ወጠርኩ።

አንድ አዛውንት ቄስ ከሚስታቸው ጋር ከደሃና በእግር መጡ። ላነሳቸው ስል ነፋሱ ዳሱን ነቅሎ ቄሱ ላይ ጣለው! (እውነቱን ለመናገር ከጥምጥማቸው ይልቅ አቡጀዲዬ አምሮባቸው ነበር።)

"አባ፣ የቀረኝ ወረቀት አንድ ብቻ ነው። እንዳይበላሽብን ሌላ ቀን ይምጡ" አልኳቸው።

"ልጃችን ከነገ ወዲያ ሩቅ አገር ትዳራለች። መልካችንን ይዛ ትሂድ ብለን ነው" አሉኝ።

ይህን የሰሙ ገበያተኞች ተሻምተው እንጨቶቹን ያዙ። አንዲት ገብስ ሻጭ የጨርቁን ጫፍ ጎትታ "በል አንሳ! እኛ እያለን ነፋሱ ምን ያመጣል?" አለችኝ።

አነሳሁ። የያዦቹ እጆች ፎቶው ዳር ላይ ስለገቡ ያኔ አፍሬ ነበር። ዛሬ ሳየው ግን የሚያምረው እሱ ነው!

እስቲ እናንተም ቤታችሁ ያለ አሮጌ ፎቶ እንዴት እንደተነሳ አጫውቱን።