ሻርጃ ላይ የፈታሁት ካምቢዮ

ከቡሬ የወጣሁት መንገድ ተከፍቷል በተባለ ማግስት፣ ገና ጎህ ሳይቀድ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ጋራዣቸው ውስጥ መካኒክነት ያስተማሩኝ ጋሼ ይርጋ መናኸሪያ ድረስ ሸኙኝ። «ሰው አገር ሄደህ ሁሉን አውቃለሁ አትበል፤ አላውቅም ብለህም አትሽሽ» አሉኝ። ሚኒባሱ ፍኖተ ሰላምን ሲያልፍ ማሳው ላይ ነጋ። አልዋሻችሁም፣ ፊቴን በጋቢዬ ሸፍኜ አለቀስኩ።

የሻርጃ ሙቀት የፈላ ራዲያተር ስትከፍቱ ፊታችሁ ላይ እንደሚተፋው ነው፤ ወገኖቼ፣ የእኛን ቆላ ከእንግዲህ ቆላ አትበሉት። ያረፍኩት ስምንት ሰው የሚያድርበት ክፍል ውስጥ፣ ከላይ ባለው ተደራራቢ አልጋ ነው። ቤድ ስፔስ ይሉታል። አከራዩ እጄን አየና ፊቱን አጨማደደ።

«ግሪስ ነው። ግድግዳውን እንዳትነካ።»

«እሺ። መሰላሉንስ?»

«መሰላሉንም።»

«ታዲያ በምን ልውጣ?»

«እሱ የአንተ ጉዳይ ነው፤ እኔ ያከራየሁህ አልጋውን ነው» አለኝ።

የጉብኝት ቪዛዬ ሊያልቅ ዐሥር ቀን ሲቀረው ራሺድ የሚባል ፓኪስታናዊ ባለጋራዥ ሊሞክረኝ ተስማማ። መሬት ለመሬት የሚሄድ ጥቁር መኪና አሳየኝ። አምስት መቶ የፈረስ ጉልበት አለው፤ ማርሹ በእጅ የሚገባ ነው፣ ሦስተኛው ተሰብሯል። «እዚህ ሰዉ አውቶማቲክ ለምዷል፤ ይህን የሚፈታ የለኝም። ከሠራኸው የሥራ ቪዛ አወጣልሃለሁ፤ ካልሆነ አገርህ ትገባለህ» አለኝ። እኔ ደግሞ ዕድሜ ልኬን የፈታሁት አይሱዙና ሚኒባስ ነው።

ካምቢዮውን፣ የማርሹን ቤት፣ አውርጄ ስከፍተው አጎንብሼ ቀረሁ። እያንዳንዱ የማርሽ ጥርስ ዘይቱ ውስጥ እንደ ጸናጽል ያበራል። ማንም ለማያየው ቦታ ሰው እንዲህ ተጨንቆ ብረት ይቆርጣል? ጫማህን አውልቅ አውልቅ አለኝ። ጋሼ ይርጋ እንዳስተማሩኝ፣ የወጣውን ሁሉ በወጣበት ተራ ንጹሕ ጨርቅ ላይ ደረደርኩ።

የተሰበረውን ማርሽ በአዲስ ቀየርኩ። ማርሾቹ ሲገናኙ እንዳይጋጩ የሚያስማማቸው የነሐስ ቀለበት ግን፣ አዲሱ በካርቶን ቀርቦልኝ ሳለ አሮጌውን መልሼ ገጠምኩት። ምን ሆኖ ይጣላል? እኛ ዘንድ ከዚህ የባሰው አይሱዙን ሦስት ክረምት ያሻግራል። ራሺድም ቆጣቢነቴን ሲያይ ይወደኛል ብዬ አሰብኩ።

ሲነዳው ሦስተኛ ላይ ብረት ከብረት ተፋጨ። ራሺድ መኪናውን አቁሞ ወደ እኔ ዞረ። ልዋሽ ጥቂት ቀርቶኝ ነበር፤ ግን ስለ ቀለበቱ ነገርኩት።

«ይህ እኮ እህል አይጭንም» አለኝ። «በዚህ ፍጥነት ትንሽ የተበላ ቀለበት ማርሹን አያረጋጋውም።»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሉ የለ፤ ቪዛዬ አለቀላት ብዬ መፍቻዎቼን መሰብሰብ ጀመርኩ።

«ወዴት ነው? ጥፋቱን የምታውቀው አንተ ነህ፤ አንተው ፍታው።»

ሁለት ቀን ፈጀብኝ። አዲሱ ቀለበት ገብቶ ለሙከራ ስንወጣ ለጋሼ ይርጋ ደወልኩ፤ እንደ ዕድል ኔትወርክ ነበር። ራሺድ ይነዳል፣ እኔ ስልኩን ካምቢዮው አጠገብ አስጠጋሁላቸው።

«አንደኛ» አሉ ከቡሬ፣ በጆሯቸው ብቻ። «ሁለተኛ። ሦስተኛ... ገባ፣ ተመስገን። አራተኛ። አምስተኛ። ይኸው አለቀ፤ እጅህ ይባረክ ልጄ።»

መንገዱ በረሃው ውስጥ ቀጥ ብሎ ተዘረጋ። ራሺድ ማርሹን አንዴ ጨመረ። ስልኩን ወደ አፌ መለስኩ።

«ጋሼ? አሉ?»

«በቤት መኪና ላይ ሌላም አለ እንዴ?» አሉ በቀስታ።

«አለ ጋሼ፤ ስድስተኛ ነው።»

«አርባ ዓመት ሙሉ እዚህ ተደፍቼ...» አሉና አልጨረሱትም። ይህን የሠሩት እርስዎ ነዎት ልላቸው ስል ቀደሙኝ። «እስቲ መልሰህ አስገባልኝ፤ ልስማው።»

ለራሺድ በእጄ አሳየሁት። ወደ አምስተኛ መለሰው፤ ስድስተኛውን ሊያስገባ ሲል መስመሩ ተቋረጠ።

ቪዛዬ ወጥቷል። ወደ ቡሬ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ስልክ አይገባም፤ ለጋሼ እስካሁን አልነገርኳቸውም።