የኢሽቤል ሳህኖች

ኢሽቤል ኤድንብራ ውስጥ ባለ አንድ ቤተ ሙከራ የእርሾ ምግብ ስታበስል ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኗታል። ስኳሩን፣ ጨዉንና የሚያረጋውን ዱቄት አፍልታ በትንንሽ ክብ ሳህኖች ታፈሰዋለች፤ ሲረጋ ተመራማሪዎቹ እርሾ ይዘሩበታል። የተበላሸ ሳህን ከእጇ ወጥቶ አያውቅም። ይህንንም ማንም ሳይጠይቃት ትናገራለች። ጡረታ ልትወጣ አምስት ቀን ሲቀራት ግን ላክላን የሚባለው የዶክትሬት ተማሪ ግንባሩን ቋጥሮ ገባ።

«ኢሽቤል፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሳህኖችዎ ሳይበላሹ አልቀሩም።»

«ምን አልክ?»

«እርሾዬ መሞት ሲገባው አልሞት አለኝ። ጨው በዝቶ ይሆናል፤ ጨው አንዳንዴ ደካማውን ያተርፋል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ህዋስ ለሁለት ሲከፈል ክሮሞዞሞቹን ግራና ቀኝ የሚጎትቱ ክሮች አሉ። ክሩን ከክሮሞዞሙ ጋር የሚያያይዘው ደግሞ ወገቡ ላይ እጥፍ የሚል ረጅም ፕሮቲን ነው። ላክላን «ያለ እጥፋቱ መያያዝ የለም» ባይ ነው። ስለዚህ ሙቀት ሲነካው ፕሮቲኑ ሳይታጠፍ ድርቅ ብሎ እንዲቀር አድርጎ ለወጠው፤ ክሩ ካልተያያዘ እርሾው መከፈል አቅቶት መሞት አለበት። እርሾው ግን ሙቀቱ ውስጥ ገብቶ ደልቦ ወጣ።

ኢሽቤል ያን ቀን ምሳዋ አልወረደላትም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርታ ጨው አበዛች ተብላ ልትሸኝ ነው! በማግስቱ ጠዋት አዲስ ሳህኖች ተሸክማ ሄደችና ከላክላን ጀርባ ቆማ እጁን ታይ ጀመር። ልጁ በቀጭን እንጨት ከበቀሉት የእርሾ ነጠብጣቦች መካከል ትልልቆቹን እየመረጠ ያነሳል።

«አንተ፣ ሁልጊዜ ወፍራም ወፍራሙን ነው የምትለቅመው?»

«ጤነኛ ስለሚመስል ነዋ!»

«ጤነኛማ ነው። አንተ የምትፈልገው በሽተኛ አይደል እንዴ? እነዚያን ኮሳሶች ማን ያንሳቸው?»

ለላክላን ነገሩ ያኔ በራለት። ወፍራሞቹ የደረሰባቸውን ጉዳት በሌላ የዘር ለውጥ ያካካሱት ነበሩ። ሦስት ወር ሙሉ ያመለጡትን እየለቀመ ሲያባዛ ከርሟል። ወዲያው ኮሳሶቹን አንስቶ በዚያው በኢሽቤል ሳህን ላይ ዘራቸውና ወደ ሙቀቱ አስገባቸው።

ከሁለት ቀን በኋላ፣ ሁሉም ለሻይ ተሰብስበው ሳለ፣ ከኮሪደሩ የላክላን ጩኸት ተሰማ።

«ሞቱ! አንድ ሳይቀር ሞቱ!»

በዚያ ቤተ ሙከራ የተሳሳተ ሰው ለሻይ የሚሆን ነገር ጋግሮ ያመጣል። ኢሽቤል በምትሰናበትበት ቀን ላክላን ዘቢብ የገባበት ዳቦ ይዞ መጣ። ዳቦው እንደ ጡብ ደርቋል።

«እርሾ አጥንቶ ዳቦው ኩፍ የማይልለት አንተን አየሁ!» አለችው ኢሽቤል። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ላክላን ቀላ። ተነስቶም «ሳህኖቹ ምንም አልነበራቸውም። ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አለ።

ኢሽቤል ደስታዋን ልትደብቅ አልሞከረችም። እንባዋንም በሽርጧ ጠረገች።

«እስቲ ድገመው የኔ ልጅ፤ በር ላይ ያሉት አልሰሙህም።»

ላክላን ወንበር ላይ ወጥቶ ደገመላት።