የፕሬዚዳንቱ ማኅደር

ሌባ ሁለት ኪስ ያለው ቃል ይወዳል። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ ከማንም መጽሐፍ አልወሰድኩትም። ከዘመሮ ገበያ እስከ ራቤል ድረስ ሰው ሲጠቅሰው ብትሰሙ ምንጩ እኔ መሆኔን እወቁ።

ቃሉ «ማኅደር» ነው። ለቤተ ክርስቲያን ሰው ማኅደር ማለት ዳዊት የሚገባበት፣ ማንገቻ ያለው የቆዳ ቤት ነው። ለቢሮ ሰው ደግሞ የወረቀት ፋይል ነው። ሁለቱንም አውቃለሁ። የመጀመሪያውን በእጄ እሠራዋለሁ፤ ሁለተኛውን በየቢሮው ደጅ ስጠብቅ ተምሬዋለሁ። መጽሐፍ መጠረዝና ቆዳ መደጎስ ማንም አላስተማረኝም። አንድ ያረጀ ዳዊት ፈትቼ እንደገና በመስፋት ነው ያወቅኩት። ሌሎቹ ደጓሾች ከአባታቸው ተማሩ፣ እኔ ከመርፌው ቀዳዳ። በመንዝም፣ በግሼም፣ በመርሐቤቴም እኔ ሰፍቼው የተፈታ መጽሐፍ እስካሁን አላየሁም።

ባለፈው ዓመት፣ ገብሱ ገና ሳይታጨድ፣ አንዲት ነጭ መኪና ጎረቤቴ ደጃፍ ቆመች። ጎረቤቴ ከእኔ በዕድሜ የምትበልጥ ሴት ናት፤ እትዬ እላታለሁ። ታናሽ ወንድሟ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ነበር። እሱና እኔ ፊደል የቆጠርነው ከአንድ ቄስ ነው። እሱ በትምህርቱ ገፍቶ ሄደ፤ እኔ ቀረሁ። ከቀሩት ግን እንደ እኔ ያነበበ የለም። ጡረታ ሲወጣ ተመልሶ ከእኅቱ ጋር በአባቱ ቤት ተቀመጠ፣ እዚያው አረፈ። አገሩ ሁሉ «እሳቸው» ይለዋል። እኔ ግን እስኪሞት ድረስ አንተ ስለው ኖሬያለሁ።

እትዬ ያልተማረች ስለሆነች ወረቀት የያዘ እንግዳ ሲመጣባት እኔን ታስጠራለች። ስደርስ አንዲት ጉብል መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ በረንዳው ላይ ቆማለች። ሾፌሩ ከኋላዋ በስልኩ ቤቱን ፎቶ ያነሳል።

«እማማ፣ ከዩኒቨርሲቲው ነው የመጣነው» አለች ልጅቱ። «የወንድምዎን ማኅደር ልንረከብ ነው።»

እትዬ ክው አለች። ዓይኗ ከእኔ ወደ ግድግዳው ሄደ። እዚያ የአባቷ የብራና ዳዊት ማኅደሩ ውስጥ ተሰቅሏል። ማኅደሩን የሠራሁት እኔ ነኝ። የዚያ ቤት ሀብት ማለት እሱ ዳዊት ነው። አባታቸው ሲሞት ተነቦበታል፣ ወንድሟ ሲሞት ተነቦበታል። እሷም ስትሞት እንዲነበብላት ነው የምትጠብቀው፤ ሌላ የምትፈልገው ነገር የለም። ያን አጥታ ከምትሞት ቤቱ ቢቃጠል ትመርጣለች።

እኛ አገር ደግሞ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ብራና ፍለጋ መኪና ይዞ፣ ደረቱ ላይ መታወቂያ አንጠልጥሎ የሚዞር ሰው እንዳለ ያልሰማ የለም። አንዱ ቅርስ እመዘግባለሁ ይላል፣ አንዱ አጠናለሁ ይላል። ሲሄድ መጽሐፉም አብሮ ይሄዳል።

«ደብዳቤ አለሽ፣ ልጄ?» አልኳት።

ሰጠችኝ። አነበብኩት፤ ገልብጬም በፀሐይ አየሁት።

«ማኅተሙ ክብ ነው» አልኩ።

«አዎ፣ አባቴ። ማኅተም ክብ ነው።»

«ክብ ማኅተም ማንም ያስቀርጻል። ‹ማኅደር› ስትዪ ምኑን ማለትሽ ነው?»

«ወረቀታቸውን ነዋ! ንግግራቸውን፣ ደብዳቤያቸውን። ቤተ መዛግብት ልናስገባው ነው።»

ይኸውላችሁ ሁለቱ ኪስ። በአንዱ ወረቀት ይላል፣ በሌላው ዳዊት ይከታል።

ሾፌሩ ደግሞ ወደ ውስጥ ገብቶ አልጋው ላይ የተነጠፈውን የሱፍ ባና እየዳበሰ «እማማ፣ ይሄ ይሸጣል እንዴ?» አለ።

«ለምን፣ በረደህ?» አለችው እትዬ።

«ለእናቴ ብዬ ነው።»

«እናትህ ልጅ አላት፣ ይሸመንላት።»

ለእናቴ ነው ያላለ ሌባ አላውቅም። ወረቀቱ የት እንዳለ ሲጠይቁ እትዬ ወደ ጓዳ ጠቆመች። ልጅቱና ሾፌሩ ካርቶን ሊያወርዱ ወደ መኪናው ሲመለሱ ማኅደሩን ከግድግዳው አውርጄ ካፖርቴ ሥር ከተትኩት። ከበደኝ። የሞላ ማኅደር በእጄ ሲገባ አውቃለሁ፣ መክፈት አያስፈልገኝም። በጓሮ በኩል በአጥሩ ዘልቄ ቤቴ ገባሁና ከቆዳዎቼ መካከል ሸጉጬው ተመለስኩ። እትዬ ስወጣም ስገባም ስታየኝ ነበር። ራሷን ነቀነቀች። አይዞህ ማለቷ ነው ብዬ ወሰድኩት።

ወንድሟ ወረቀቶቹን ያስቀመጠው በእህል ጎታ ውስጥ ነበር። ጎታውን አስጠርጎና አስለቅልቆ፣ አፉን በድንጋይ ገጥሞ ነው የተወው። አይጥ እንደማይገባበት የነገርኩት እኔ ነኝ። ልጅቱ ገና ክዳኑን ከማንሳቷ ነጭ ጓንት አጠለቀች።

«ጓንቱ ለምንድን ነው?»

«የእጅ ላብ ወረቀት ያበላሻል፣ አባቴ።»

የእጅ አሻራም ይደብቃል፣ አልኩ በልቤ።

ወረቀቱን አንድ በአንድ እያወጣች ወለሉ ላይ ደረደረችው። የምርቃት ንግግር ነበር፤ ሁሉም «ክቡራትና ክቡራን» ብሎ ይጀምራል። በሕይወት ሳለ «እንደምን አደራችሁ በላቸው፣ ይበልጥ ይሰሙሃል» ብዬው ነበር፤ ባይሰማኝ ነው። የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ነበር። ያልተሠራ ሕንፃ ፕላን ነበር። ተማሪዎች ስለ ካፌው ዳቦ የጻፉት አቤቱታም ወጣ። ጥጉ ላይ በአረንጓዴ ቀለም «እውነታቸውን ነው፤ እኔም ቀምሼዋለሁ» ብሎ ጽፎበታል። ልጅቱ ይህን አንብባ ሳቀችና በእርሳስ ቁጥር ጻፈችበት።

«በእርሳስ?» አልኳት።

«በብዕር አይጻፍም። እርሳስ ይጠፋል።»

«እኔም የምለው እሱን ነው። የሚጠፋ ነገር የሚጽፍ ሰው የመፋቅ ሐሳብ አለው።»

«አባቴ፣ እርስዎ ፖሊስ ነበሩ እንዴ?»

«ብሆን ኖሮ ጡረታዬን የማገኘው በጄኔራልነት ነበር» አልኳት።

ጎታው ሲያልቅ ልጅቱ ተቀመጠችና ፊቷ ጠቆረ። «ዋናው የለም» አለች። «በመጨረሻ ስልክ ሲደውሉልን ስላሳለፉት ዘመን በእጃቸው እየጻፉ እንደሆነ ነግረውን ነበር። ሌላው ወረቀት ቅጂው እኛም ጋ አለ። እዚህ ድረስ የመጣነው ለዚያ ነው። እማማ፣ ሲጽፉ አይተዋል?»

እትዬ ወደ እኔ ዞረች። እኔን አየችኝ። ረዥም ጊዜ አየችኝ። አትናገር ማለቷ ነው ብዬ እኔም ዝም አልኩ። ልጅቱ ከተማ ወርደው ምሳ በልተው እንደሚመለሱ፣ ካልተገኘ ግን ያለውን ጭነው እንደሚሄዱ ተናግራ ወጡ።

እኔ ቤቴ ገብቼ ገና ከመቀመጤ እትዬ በከዘራዋ እየተደገፈች መጣች።

«አምጣው» አለችኝ።

«ገና አልሄዱም እኮ። ሾፌሩ ዓይኑ ከባናው ላይ አልተነሳም።»

«አምጣውና ክፈተው፣ አንተ ሰው!»

አወጣሁትና ማሰሪያውን ፈታሁ። ዳዊቱ የለም! ውስጡ በወረቀት ታጭቋል።

«ተሰረቅን!» ብዬ ብድግ አልኩ። «ያ ሾፌር ነው! ፎቶ ሲያነሳ ነው የለወጠው! እኔኮ ገና ሲመጡ . . .»

እትዬ በከዘራዋ ጉልበቴን መታ አደረገችኝ። «ዳዊቱ ራስጌዬ ነው። ያመመኝ ጊዜ ከራስጌዬ ይሁን ብዬ ወንድሜን ለመንኩት። ቆዳው አንገቴን ሲቆረቁረኝ ጊዜ አወጣልኝና በነጠላ ጠቀለለልኝ። በባዶው እሱ ወረቀቱን ሲከትበት ከረመ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አልጠየቅኸኝማ! በዓይኔ ስነግርህ አልነበር?»

«አፍ እያለሽ በዓይን?»

«ልጅቱ ፊት ‹የምትፈልጉት ጎረቤቴ ካፖርት ሥር ወጥቷል› ልበል? ሌባ ቢሉህስ?»

እኔን ሌባ! እንዲህ ዓይነት ነገር በእኔ ላይ ማንም አያስብም። ቢሆንም ጥንቃቄዋን አደነቅሁ፤ ከእኔ የተማረችው ነው።

«አንብብልኝ» አለችኝ።

የመጀመሪያውን ገጽ አነበብኩላት። እንዲህ ይላል፤ «እኅቴ ዳዊቱን ስለወሰደችው ማኅደሩ ባዶ ሆነ። ባዶ ማኅደር ግድግዳ ላይ ሲያፈጥብኝ መዋል ስላልቻልኩ የምከትበት ነገር መጻፍ ጀመርኩ።»

እትዬ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «ስጣቸው» አለች።

«እትዬ፣ ይቆርጡታል። የማይወዱትን ቅጠል አውጥተው ይጥሉታል። ማን ያውቅባቸዋል?»

«እዚህስ ቢቀመጥ? እኔ እሞታለሁ፣ አንተም ትሞታለህ። ከዚያ ማን ያነበዋል፣ አይጧ?»

እኔ እንደማልሞት ልነግራት አልፈለግሁም። አንድ ነገር ግን ታየኝ። እሱ የጻፈው ለሁለት በሚታጠፍ የፈተና ወረቀት ላይ ነበር። የታጠፈ ወረቀት እንደ ብራና ይሰፋል። የተሰፋ ቅጠል ደግሞ ሳይቀደድ አይወጣም። ወስፌዬንና ጅማቴን አወጣሁ፣ ቅጠሎቹን በጥራዝ በጥራዝ ከፍዬ መስፋት ጀመርኩ። ስሰፋ እግረ መንገዴን ስለ እኔ ምን እንዳለ አየሁ። አንድ ቦታ «ጎረቤቴ ደጓሹ ከሚናገረው ግማሹ እውነት ነው» ይላል። የትኛው ግማሽ እንደሆነ አልጻፈም። ለተማረ ሰው ትልቅ ጉድለት ነው።

ልጅቱና ሾፌሩ ሲመለሱ ገና አልጨረስኩም ነበር። እትዬ ቤቴ ድረስ ይዛቸው መጣች።

«ወይኔ፣ አባቴ! ምን እያደረጉ ነው?» አለች ልጅቱ።

«ማኅደርሽን እየሰፋሁልሽ ነው።»

«እባክዎ አይስፉት! እያንዳንዱን ገጽ በማሽን ልናነሳው ነው። ከተሰፋ አይዘረጋም።»

«የእኔ ስፌት ይዘረጋል።» የጨረስኩትን ጥራዝ መሐሉን ገልጬ መሬት ላይ አነጠፍኩት። እንደ መዳፍ ተዘረጋ።

ጎንበስ ብላ አየችው። «ይሄኛውስ እሺ። ግን እኮ ቅጠል የሚነቅል የለም። ሥራችን መጠበቅ ነው።»

«ሁሉም ሥራዬ መጠበቅ ነው ይላል» አልኳት።

«ልጄ፣ ይስፋው» አለች እትዬ። «ካልሰፋው አይተኛም፤ እሱ ካልተኛ እኔንም አያስተኛኝም።»

ሾፌሩ ወደ መኪናው ተመልሶ ጉም ሳይወርድ እንሂድ እያለ ጥሩንባውን ያስጮኸዋል። እኔ እጄን አላፈጠንኩም። የመጨረሻውን ጅማት ስቋጥር ሌላ ሰው የማያውቀውን ቋጠሮ ቋጠርኩት።

«ይህ ቢፈታና መልሶ ቢሰፋ ለይቼ አውቀዋለሁ» አልኳት።

«መጥተው ይዩታ፣ አባቴ። እናስገባዎታለን።»

ግብዣውን ወደድኩት። ለምን እንደጋበዘችኝ ግን እስካሁን እያሰብኩበት ነው።

«የት ነው የምታስቀምጡት?» አለቻት እትዬ።

«በስማቸው ማኅደር ይከፈትላቸዋል፣ እማማ።»

«የቆዳ?»

«የካርቶን።»

እትዬ እኔን አየችኝ። በዚህ ጊዜ ዓይኗን በትክክል አነበብኩት፤ ሳቋን ይዛ ነበር።

መኪናዋ በጓሳው መንገድ ጉሙ ውስጥ ስትገባ ቆመን አየናት። ሾፌሩ ባናውን አልወሰደም። ገብቼ ቆጥሬያለሁ።

ከዚያ እትዬ ዳዊቱን ከራስጌዋ አውጥታ ማኅደሩ ውስጥ ከተተችው። ግድግዳው ላይ ስትሰቅለው ኳ አለ። ወረቀቱ ቆዳውን አስፍቶት ኖሯል፣ ዳዊቱ ውስጡ ወዲያ ወዲህ ይላል። ይህ የቆዳው ጥፋት አይደለም፣ ብዙ የጻፈው ሰው ጥፋት ነው።

«አምጪው፤ በውኃ አርሼ አጠብበዋለሁ» አልኳት።

«ተወው፣ ይንኳኳ። ሌባ ቢያነሳው እሰማለሁ።»

ልናገረው የነበረው እኔ ነኝ፤ ቀደመችኝ እንጂ።