በጆሮ የተቁላላ ሽንኩርት

መጋረጃ ሰፊዋ ማሽተት ያጣችው ሰው ሁሉ በሚይዘው ተራ ጉንፋን ነው። አልጋ ላይ ከርማ ስትነሳ ትኩሳቱ ለቋት፣ ሳሉም ጋብ ብሎላት ነበር። አፍንጫዋ ግን እንደሞተ ቀረ። መጀመሪያ የጠረጠረችው ፊቷን ስትታጠብ ነው፤ ሳሙናው ምንም አልሸተታትም። ኩሽና ገባችና አንድ ፍሬ ነጭ ሽንኩርት በጥርሷ ቀረጠፈች። ምላሷን ለበለባት፤ ሽታ የሚባል ነገር ግን የለም። ሐኪሙ በባትሪ አፍንጫዋን አይቶ፣ «የሚመለስለት ሰው አለ፣ የማይመለስለትም አለ። እንግዲህ መታገሥ ነው» ብሎ ሸኛት።

ሌላ ሰው ቢሆን ይችለው ይሆናል። እሷ ግን ሰፈር ያወቃት ባለሙያ ነበረች። ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪና ላይ ጎብጣ ውላ፣ ቤቷ ስትገባ ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ቢላዋ የምትፈልግ ሴት። ቲማቲሙን ልጣ፣ ባቄላውን ዘፍዝፋ፣ ሊጡን አቡክታ ነው ቤተሰቧን የምትመግበው። የታሸገ ምግብ ደጇን አይረግጥም። ጎረቤቶቿ የፓኬት ሾርባ ገዝተው ሲያልፉ ካየች፣ ሰላምታ እየሰጠች ዓይኗ ከፓኬቱ ላይ አይነቀልም፤ ዘወር ሲሉላት ደግሞ ከንፈሯን ትመጥጣለች።

«ልጆቻቸው ምን በደሏቸው?» ትለው ነበር ባሏን።

ባሏ መካኒክ ነው። ጋራዥ ውስጥ የሚጠሩት «ጆሮ» እያሉ ነው፤ መኪናው ገና በር ሲገባ ሕመሙን በድምጹ ስለሚለየው። ቤቱ ሲገባ ግን ወሬ አያበዛም። የቀረበለትን ይበላል፣ ሳህኑን በዳቦ ጥርግ አድርጎ ይነሳል፤ ምስጋናው ያ ነው።

እንግዲህ ይህች ሴት ናት አንድ ቀን ካሮት ስትልጥ ከጀርባዋ ሩዙ አርሮ ቤቱ በጭስ የታፈነባት። ልጇ ከመኝታ ቤት ሮጣ መጥታ ምድጃውን አጠፋች።

«እማ፣ አይሸትሽም እንዴ?» አለቻት። ወዲያው የተናገረችው ነገር ገብቷት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ቀጥሎ ደግሞ የጨው ነገር መጣ። ምላሷ ጨውና ስኳር ይለያል፤ ሌላው ሁሉ ግን ወረቀት የማኘክ ያህል ነው። ጣዕም ያነሰው መስሏት ጨመረች፣ አሁንም ጨመረች። አብረዋቸው የሚኖሩት የባሏ እናት፣ ቤቱ ሁሉ እማማ የሚላቸው፣ አንድ ማንኪያ ቀመሱና ማንኪያውን ቀስ ብለው አስቀመጡ።

«ልጄ፣ ባሕር ነው እንዴ የቀዳሽልን?» አሏት።

ልጅቷ ሳቋ አመለጣት። እሷም ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ ግን ኩሽና ገብታ፣ የዱቄት ጣሳው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

ሱፐርማርኬት የሄደችው ከዚያ በኋላ ነው። የፓኬት ሾርባ፣ በጠርሙስ የታሸገ ስጎ፣ ተቀቅሎ በቆርቆሮ የታሸገ ባቄላ ገዛች። ሰው እንዳያይባት በመጋረጃ ቁራጭ ጠቅልላ ነው ያስገባችው፤ ላያት ሰው የገዛች ሳይሆን የሰረቀች ትመስል ነበር። ፓኬቱ ላይ የውኃው ልክም፣ የሚፈላበት ደቂቃም ተጽፏል። አፍንጫ አይጠይቅም።

ቤተሰቡ በላው። ባሏ እንደ ወትሮው ሳህኑን ጠረገ። ልጅቷማ ጭራሽ ደስ ያላት መሰለች፤ እናቷ ምድጃው ሥር መገተሯን ትታ፣ አጠገቧ ተቀምጣ የትምህርት ቤት ወሬዋን ትሰማት ጀመር። እማማ ደግሞ የዶሮ ሾርባውን ጭልጥ አድርገው ጠጡና፣ «ክፉ አይደለም እኮ። እስቲ ጨመር አድርጊልኝ» አሉ። ይህቺ ቃል ከባሕሩ ነገር ይበልጥ ልቧን አቆሰለቻት። ያን ሁሉ ዓመት የላጠችው፣ የከተፈችው፣ ያማሰለችው ለካ ዱቄት በፈላ ውኃ በመበጥበጥ የሚተካ ኖሯል?

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የስጎውን ጠርሙስ ክዳን ስትታገል፣ ባሏ ኩሽናው በር ላይ መጥቶ ቆመ። ክፈትልኝ ብላ ጠርሙሱን ብትዘረጋለት ተቀብሎ ወደ ጎን አስቀመጠው።

«እስቲ ሽንኩርት ክተፊ» አላት።

«ደግሞ ላሳርረው?»

«እኔ አለሁ። እያየሁልሽ ነው። አንቺ ዓይንሽን ትጨፍኛለሽ።»

«ምን ሆነሃል አንተ?»

«እኔ ማብሰል አላውቅም» አለ። «መስማት ግን አውቃለሁ። ሞተር ሲመጣልኝ አላሸተውም፣ አልቀምሰውም። ይነግረኛል። ድስትም እሳት ላይ ያለ ዕቃ ነው፤ የሚናገረው አያጣም።»

ሬዲዮውን አጠፋ። መስኮቱን ዘጋ። እሷ ሽንኩርቱን ከትፋ፣ ዘይቱ ሲግል ለቀቀችውና ዓይኗን ጨፈነች፤ ለእሱ ብላ እንጂ አምናበት አይደለም።

ሽንኩርቱ ቸስ ብሎ ጮኸ። ጩኸቱ ወፍራም ነው፣ እርጥብ ነው፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እንደሚወርድ ዶፍ። አማሰለችው። ዶፉ ቀጠለ። ጥቂት ቆይቶ ግን አንድ ነገር የተለወጠ መሰላት፤ ጠብታዎቹ ተራራቁ። ከዚያ ካፊያ ሆነ። ከካፊያው ሥር ደግሞ ሌላ ድምጽ ብቅ አለ፤ ሁለት ሰዎች ተቃቅፈው እንደሚንሾካሾኩት ያለ፣ ቀጭን፣ ደረቅ።

«አሁን ምን ሆነ?» አላት ባሏ በለሆሳስ።

«ውኃው አለቀ» አለች። «ቀልቷል። አሁን ካልወረደ ያርራል።»

ዓይኗን ገለጠች። ሽንኩርቱ ወርቅ መስሏል፤ ከሰፋችው መጋረጃ ሁሉ አንዱም እንደዚያ ያለ ቀለም አልነበረውም። ሰውነቷን ውርር አደረጋት። ምንም አዲስ ነገር እኮ አልተፈጠረም። ያው ምድጃ፣ ያው መጥበሻ ነው። ከተሞሸረችበት ዓመት ጀምሮ ይህ ነገር ሁልጊዜ ከፊቷ ቆሞ ሲናገር ኖሯል፤ አፍንጫዋ ቀድሞ እየነገራት ጆሮዋ ሥራ ፈትቶ ነበር እንጂ። ማማሰያውን እንደያዘች መጥበሻውን ከእሳቱ አወረደች።  ባሏ መኪና ሲነሳለት እንደሚያደርገው አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጥ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲያ ኩሽናዋ ሌላ ቤት ሆነባት። ሩዝ ውኃው ሲበዛ ይንፈቀፈቃል፣ ሲመጠጥ በትንንሽ ቀዳዳ ይተነፍሳል፣ ጠጠር የመሰለ ድምጽ ከሥሩ ሲጀምር ማውረድ ነው። ጥሬ ባቄላ ሲማሰል የድስቱን ግድግዳ ያንኳኳል፤ ሲበስል ማንኳኳቱን ይተዋል። ሾርባ ሲንተከተክ ልክ ነው፤ ከዚያ ካለፈ እየተቆጣ ነው። ጨውን ለልጇ ምላስ አደራ ሰጠች፤ ልጅቷም ሥልጣኗን አልጠላችውም። ደክማ ስትገባ የፓኬት ሾርባ ታፈላለች፤ አሁን ግን በጨርቅ አትጠቀልለውም፣ ሲፈላም ታዳምጠዋለች። እሱም የራሱ አነጋገር አለው፤ ቶሎ ቶሎ የሚያወራ ችኩል ነገር።

የፈራችው ዳቦውን ነበር። የዳቦን መብሰል የሚናገረው ሽታው ነው፤ ቤቱን አልፎ ደረጃው ድረስ ሲወርድ። ሲያመነታ የቆየው ልቧ አንድ እሑድ ጠዋት ጨከነና አቦካች። መጋገሪያው አጠገብ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ይሆናል ባለችው ሰዓት አወጣችው፤ ገልብጣ ሥሩን በጣቷ ስትመታው እንደ ከበሮ ባዶ ድምጽ ሰጠ። ደስ አላት። ጠረጴዛው ላይ ጨርቅ አንጥፋ አስቀመጠችው።

ዘወር ልትል ስትል ነው የሰማችው። ቀጭ። ቀጭ፣ ቀጭ። የጠረጴዛው እግር መስሏት ጎንበስ ብላ አየች። ጠረጴዛው አይደለም። ጆሮዋን ወደ ዳቦው አስጠጋች። ቅርፊቱ ነው፤ ከእሳት የወጣው ቅርፊት ነፋሱ ሲነካው በቀጫጭኑ እየተሰነጠቀ ይንጣጣል፤ አንዱ ዝም ሲል ሌላው ይመልሳል፤ ዳቦው በሙሉ እርስ በርሱ የሚያወራ ይመስላል።

«ኑ!» ብላ ተጣርታ፣ ዝም እንዲሉ እጇን ወደ ላይ አነሳች። ባሏ የሸሚዙን ቁልፍ እየቆለፈ መጣ፤ ልጅቷ ማበጠሪያዋን ጸጉሯ ላይ ሰክታ ተከተለችው። እማማ ጆሯቸው ከበድ ስለሚል፣ ጉንጫቸው ዱቄት እስኪነካ ድረስ ተጠጉት።

«ይናገራል እንዴ?» አሉ።

«ይናገራል፣ እማማ» አለች።

ባሏ ቁልፉን እንደያዘ ቆሞ፣ «ይሄን እኔም አላውቅም ነበር» አለ። በጆሮ ነገር እንዲህ ሲል ሰምታው አታውቅም። ዳቦውን ማንም አልቆረሰው። ድምጹ እየራቀ፣ እየራቀ ሄዶ እስኪጠፋ ድረስ አራቱም ከበውት ቆሙ።

ከዚያ እሷ፣ «ሽታውስ? ሽታው ምን ይመስላል?» ብላ ጠየቀች።

 «እንደ... ምን ልበልሽ፣ እማ። ዳቦ ዳቦ ይላል» አለች ልጅቷ። አባቷን አየችው፤ እሱም ትከሻውን ሰበቀ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያሸቱት የኖሩትን ነገር የሚሉበት ቃል አጡ። ነገሩ ከንክኗቸው፣ መጀመሪያ ልጅቷ፣ ቀጥሎ ባሏ ጎንበስ ብለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በረዥሙ ሳቡት። እማማ በመጨረሻ ተጠጉ። ተጠግተውም ቆዩ፤ ቀና ሲሉ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«እንዲህ ነበር እንዴ?» አሉ ቀስ ብለው። «ቁረሺልኝ በይ ልጄ፣ ሳይቀዘቅዝ።»